«በላይ» ማለት ሰሜን ነውን? የዳታቤዝን የጂኦሜትሪ ዓይነቶች ከሁለት አውታር በላይ ስለ ማስፋት

በድሬዳዋ የምንማር ሁሉ የደቻቱን አሸዋ ተሻግረን እናውቃለን። ወንዙ ከዚራንና መጋላን ለይቶ በከተማው መካከል ያልፋል፤ ነገር ግን በዓመቱ አብዛኛውን ቀን ውሃ ስለሌለበት እንግዳ ሰው ሰፊ የአሸዋ መንገድ እንጂ ወንዝ አይመስለውም። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ. ም. ለ30 አጥቢያ ግን በስተ ደቡብ ባለው ደጋ የጣለው ዝናብ ሕዝቡ በተኛበት ሰዓት በዚሁ አሸዋ ላይ ወረደ። ከ250 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቈጠሩትም ያለ ቤት ቀሩ።

እንዲህ ያለው አደጋ ዳግመኛ እንዳይደርስ ለሚያስብ ሰው ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ «ውሃው ይህን ያህል ከፍ ቢል፥ ከእርሱ በታች የሚሆኑት የትኞቹ ቤቶች ናቸው?» የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ቤቶቹና መንገዶቹ በዳታቤዝ ውስጥ በምሥራቅና በሰሜን ልክ ብቻ ተመዝግበው ከሆነ፥ ዳታቤዙ ትክክለኛውን መልስ ሊሰጥ አይችልም። የሚያሳስበው ግን አለመቻሉ አይደለም፤ ባይችልም መልስ መስጠቱ ነው። በድሬዳዋ ላይ ደግሞ መልሱ ፈጽሞ የተገለበጠ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ለምን እንደ ሆነ ማስረዳት፥ ሦስተኛውን አውታር መጨመርም አንድ ቁጥር ከመጨመር የሚበልጥ ሥራ መሆኑን ማሳየት ነው።

«አውታር» የምለው ዳይሜንሽን የተባለውን፥ ማለት የአንድን ነገር ቦታ ለመወሰን የምንለካበትን እያንዳንዱን አቅጣጫ ነው። በክር ላይ ላለች ዶቃ አንድ አውታር ይበቃታል፤ በገበታ ላይ ያለች ጠጠር ሁለት ትፈልጋለች፤ በአየር ላይ ያለች ንብ ግን ሦስት።

ሰባቱ ዓይነቶች

ዳታቤዝ መረጃ በሥርዓት ተመድቦ የሚቀመጥበትና በጥያቄ የሚወጣበት የኮምፒዩተር መዝገብ ነው። እያንዳንዱ የመዝገቡ ዓምድ የሚቀበለው የመረጃ ዓይነት አስቀድሞ ይወሰናል፤ አንዱ ዓምድ ቁጥር፥ ሌላው ቀን፥ ሌላው ጽሑፍ ብቻ ይቀበላል። ዓይነቱ በመታወቁም ዳታቤዙ በመረጃው ምን ማድረግ እንደሚቻል ያውቃል። ሁለት ዋጋዎች ይደመራሉ፤ ሁለት ስሞች ግን አይደመሩም፤ በፊደል ተራ ይሰለፋሉ እንጂ። ስለዚህ የመረጃ ዓይነት ማለት የሚቀመጠው ነገር ብቻ ሳይሆን፥ በነገሩ ላይ የሚሠሩት ሥራዎች ጭምር ነው። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር የሚቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ስለ ሆነ፥ አንባቢ እንዲያስታውሰው እለምናለሁ።

ለምሳሌ የምንወስደው ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ ነው። ይህ ዳታቤዝ መነሻው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ፕሮፌሰር ማይክል ስቶንብሬከርና ባልደረቦቻቸው በበርክሌይ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት የምርምር ሥራ ሲሆን፥ ዛሬ ማንም ያለ ክፍያ ሊጠቀምበት ይችላል። ከመሠረቱ የታቀደውም ተጠቃሚው ራሱ አዲስ የመረጃ ዓይነት ሊጨምርበት እንዲችል ሆኖ ነው።

ፖስትግሬስ ከራሱ ጋር ይዞት የሚመጣው የጂኦሜትሪ ዓይነት ሰባት ነው፤ እነርሱም ነጥብ፥ መስመር፥ ቁራጭ መስመር፥ ሣጥን፥ መንገድ፥ ጐነ ብዙና ክብ ናቸው። ሰባቱም በገበታ ላይ እንደሚሣል ሥዕል ባለ ሁለት አውታር ናቸው። አንድ ነጥብ ሁለት ቁጥሮች ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር 8 ባይት ስለሚይዝ ነጥቡ 16 ባይት ይይዛል። ሣጥን በሁለት ማዕዘኖቹ ስለሚወሰን 32 ባይት ነው።

የተገለበጠው «በላይ»

በእነዚህ ዓይነቶች ላይ ከተፈቀዱት ሥራዎች መካከል «ይህ ነገር ከዚያ በስተ ግራ ነውን?»፥ «በስተ ቀኝ ነውን?»፥ «በታች ነውን?»፥ «በላይ ነውን?» የሚሉት ጥያቄዎች ይገኛሉ። ዳታቤዙ «በላይ» መሆንን የሚወስነው ሁለተኛውን ቁጥር አወዳድሮ ነው። በካርታ ሥራ ሁለተኛው ቁጥር የሰሜን ልክ ስለ ሆነ፥ «በላይ» ማለት «በስተ ሰሜን» ማለት ነው።

ይህ የዳታቤዙ ጥፋት አይደለም። እኛም ካርታ በግድግዳ ላይ ስንሰቅል ሰሜኑን ወደ ላይ እናደርጋለንና። ነገር ግን የድሬዳዋን አቀማመጥ እናስብ። ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ የሚወጣበት የደንገጎ ተራራ በስተ ደቡብ ነው፤ ከተማው በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲገኝ፥ መሬቱ ወደ ሰሜን እየዘቀዘቀ ይሄዳል። ደቻቱም የሚወርደው ከደቡብ ወደ ሰሜን ነው። እንግዲህ ዳታቤዙ «በላይ» የሚለው ሰፈር ውሃው የሚወርድበት ሰፈር ነው፤ «በታች» የሚለው ደግሞ ውሃው የሚመጣበት። አንድ ተማሪ ቃሉን አምኖ «ከወንዙ መግቢያ በታች ያሉትን ቤቶች አውጣልኝ» ብሎ ቢጠይቅ፥ ጐርፉ የማይደርስባቸውን የደቡብ ቤቶች ዝርዝር ይቀበላል። ኮምፒዩተሩም ስሕተት አለ ብሎ አያስጠነቅቀውም፤ በተሰጠው ትርጕም መሠረት በትክክል ሠርቷልና።

ሁሉም ዓይነት እኩል አያድግም

«እንግዲያስ ሦስተኛ ቁጥር እንጨምርበት» የሚል ሐሳብ ወዲያው ይመጣል። መጨመሩ ራሱ የመጀመሪያ ችግር አለበት። ዳታቤዙ የቀድሞዎቹን መዝገቦች የሚያነበው እያንዳንዱ ነጥብ 16 ባይት ነው ብሎ ነው። የነጥብን ትርጕም ለውጠን 24 ባይት ብናደርገው፥ ቀድሞ የተጻፈው ሁሉ ሲነበብ የአንዱ ቤት ቁጥር ከሚቀጥለው ቤት ቁጥር ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ የሚሻለው የቀድሞውን ዓይነት ሳይነኩ በአጠገቡ አዲስ ዓይነት መሥራት ነው።

አዲስ ዓይነት ስንሠራ ደግሞ ሰባቱ ቅርጾች አንድ ዓይነት ጠባይ እንደሌላቸው እናገኛለን።

ነጥብ በቀላሉ ያድጋል፤ አንድ ቁጥር ይጨመርለታል። ሣጥንም እንዲሁ ነው። መስመር ግን ያስቸግራል። የምሥራቁን ልክ መ፥ የሰሜኑን ሰ፥ ከፍታውን ከ እንበላቸው። በገበታ ላይ መስመር የሚጻፈው «ሀ × መ + ለ × ሰ + ረ = 0» ተብሎ ነው፤ ፖስትግሬስም የሚያስቀምጠው እነዚህን ሦስት ቋሚ ቁጥሮች ነው። በዚሁ አጻጻፍ ከፍታን ብንጨምርና «ሀ × መ + ለ × ሰ + ሐ × ከ + ረ = 0» ብንል፥ ያገኘነው መስመር ሳይሆን እንደ ግድግዳ የተዘረጋ ጠለል ነው። በሦስት አውታር መስመርን ለመጻፍ የሚያልፍበትን አንድ ነጥብና የሚሄድበትን አቅጣጫ መስጠት ያስፈልጋል። ክብም ቀመሩ እንዳለ ቢሰፋ ክብነቱ ቀርቶ ድቡልቡል ኳስ ይሆናል።

ጐነ ብዙ ሌላ ችግር ያመጣል። ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ የማይወላገደው ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም በአንድ ጠለል ላይ ስለሚውሉ ነው፤ አራት እግር ያለው ጠረጴዛ ግን አንዱ እግሩ ካጠረ ይንገዳገዳል። እንደዚሁም የአንድ ግቢ አራት ማዕዘኖች ከፍታቸው ሲለካ በአንድ ጠለል ላይ ላይውሉ ይችላሉ። ያን ጊዜ «የግቢው ስፋት ስንት ነው?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ አይኖርም። ስለዚህ መሬትን በሦስት አውታር የሚሠሩ ሰዎች ቦታውን በሦስት ማዕዘኖች ይከፋፍሉታል፤ ወደ ጉልቻው ይመለሳሉ ማለት ነው።

ከነጭራሹ የማይሰፋም ሥራ አለ። ፖስትግሬስ ሁለት ነጥቦችን ማባዛት ይፈቅዳል፤ ብዜቱም የኮምፕሌክስ ቁጥሮች ብዜት ስለ ሆነ አንዱን ነጥብ ያዞራል፥ ያሳድጋልም። የአየርላንዱ የሂሳብ ሊቅ ዊልያም ሮዋን ሃሚልተን ይህን ብዜት ወደ ሦስት ቁጥሮች ለማሳደግ ብዙ ደክሞ ነበር፤ በ1843 ያገኘው መፍትሔ ግን በሦስት ሳይሆን በአራት ቁጥሮች የሚሠራ ሆነ። እንግዲህ የባለ ሦስት አውታር ነጥብ ዓይነት የሚሠራ ሰው ይህን ብዜት መተው ግድ ይሆንበታል።

«ይገናኛሉን?» የሚለው ጥያቄም ትርጕሙ ይለወጣል። በገበታ ላይ ትይዩ ያልሆኑ ሁለት መስመሮች የግድ ይገናኛሉ። በሦስት አውታር ግን ሳይነካኩ ሊተላለፉ ይችላሉ፤ በደቻቱ ላይ ያለ ድልድይና በሥሩ የሚያልፈው ውሃ ምስክር ናቸው። ባለ ሁለት አውታሩ ዳታቤዝ መንገዱና ወንዙ ሁልጊዜ ይገናኛሉ ይላል። የምንፈልገው ግን የሚገናኙበትን የውሃ ከፍታ ማወቅ ነው።

ርቀትና ቅደም ተከተል

ከዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ለምሳሌ ያህል አንድ ቤት ወንዙ ሞልቶ ከሚወጣበት ቦታ 300 ሜትር ወደ ምሥራቅ፥ 400 ሜትር ወደ ሰሜን ይርቃል እንበል። በፓይታጎራስ ሕግ በገበታ ላይ ያለው ርቀት 500 ሜትር ነው። ቤቱ በ12 ሜትር ዝቅ ያለ ቢሆንና ከፍታውንም ብንጨምር፥ ርቀቱ 500.14 ሜትር ይሆናል። ያ ሁሉ ድካም 14 ሳንቲ ሜትር ለማግኘት ነውን?

መልሱ ከፍታ የሚጠቅመን ለርቀት አለመሆኑ ነው። በርቀት ስሌት ሦስቱም አውታሮች እኩል ክብር አላቸው። ለውሃ ግን እኩል አይደሉም፤ ውሃ በምሥራቅና በሰሜን መካከል አያዳላም፤ በከፍታና በዝቅታ መካከል ግን ያዳላል። እነዚያ 12 ሜትሮች በርቀቱ ላይ ምንም ያህል ሳይጨምሩ ቤቱ በጐርፍ መወሰድ አለመወሰዱን ይወስናሉ። ስለዚህ ዓይነቱን ስናሰፋ የርቀትን ቀመር ማራዘም ብቻ አይበቃም፤ ከፍታን ለብቻው የሚያወዳድር «በላይ» እና «በታች» መጨመር ይገባናል።

በሥራ ላይ ያለው ማስፋፊያ

ይህን ሥራ በተግባር ካሳዩት መካከል ታዋቂው ፖስትጂአይኤስ ነው፤ በካናዳ ሪፍራክሽንስ ሪሰርች በተባለ ድርጅት በ2001 ለሕዝብ የቀረበ የፖስትግሬስ ማስፋፊያ ነው። የቀድሞዎቹን ሰባት ዓይነቶች ሳይለውጥ የራሱን የጂኦሜትሪ ዓይነት ሠራ። በዚህ ዓይነት አንድ ነጥብ እስከ አራት ቁጥር ሊኖረው ይችላል፤ ሦስተኛው ዜድ ይባላል፥ ከፍታ ነው፤ አራተኛው ኤም ይባላል፥ ማንኛውም ሌላ ልክ ነው። የባቡሩ ሐዲድ ለኤም ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በ1895 ዓ. ም. ድሬዳዋ የደረሰው የቀድሞው ሐዲድ ከጅቡቲ እስከዚህ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ቁጥር በሐዲዱ ላይ እየተጓዙ የሚቈጠር እንጂ በቀጥታ የሚለካ ርቀት ስላልሆነ፥ በኤም ይመዘገባል። ጐርፍ የደረሰበትን ሰዓት መመዝገብ ለሚፈልግም ኤም ያገለግላል።

ነገር ግን ተጠቃሚው መጠንቀቅ አለበት። ቁጥሩ አራት ቢሆንም ሥራዎቹ ሁሉ አራቱን አያዩም። የተለመደው የርቀት ሥራ ዜድ ቢጻፍም ቸል ብሎት በገበታ ላይ ያለውን ርቀት ይሰጣል፤ ባለ ሦስት አውታሩን ርቀት ለማግኘት ሌላ ስም ያለውን ሥራ መጥራት ያስፈልጋል። በዚህም ማስፋፊያ የተለመደው «በላይ» ምልክት ዛሬም የሚያወዳድረው የሰሜኑን ልክ ነው። ማስቀመጡ አድጓል፤ ጥያቄዎቹ ግን ሁሉም አብረው አላደጉም።

ስለ ማውጫ

በሺህ ከሚቈጠሩ ቤቶች መካከል የሚፈለገውን ቶሎ ለማግኘት ዳታቤዙ ማውጫ ይሠራል። በ1984 አንቶኒን ጉትማን ያወጣው አር ትሪ የተባለው ዘዴ እያንዳንዱን ቅርጽ በትንሹ ሣጥን ይከባል፤ ተቀራራቢ ሣጥኖችን በሌላ ትልቅ ሣጥን ይሰበስባል፤ ፈላጊውም የማይመለከተውን ትልቅ ሣጥን ሳይከፍት ያልፋል። ፖስትጂአይኤስ በተለምዶ የሚሠራው ማውጫ ሣጥኖቹ ባለ ሁለት አውታር ናቸው። ሦስተኛውን የሚፈልግ ሰው ለይቶ ማዘዝ ይኖርበታል።

«አውታር በበዛ ቁጥር ይሻላል» ማለትም ስሕተት ነው። ፖስትግሬስ እስከ 100 አውታር የሚቀበል ኪዩብ የተባለ ተጨማሪ ዓይነት አለው። ነገር ግን የአንድን ቦታ አንድ በመቶ ብቻ የሚይዝ ሣጥን በሁለት አውታር ጐኑ የጠቅላላው ጐን አንድ አሥረኛ ሲሆን፥ በሦስት አውታር ከአምስት አንድ ይበልጣል፤ በአሥር አውታር ግን 63 በመቶ ይደርሳል። ሣጥኖቹ እንዲህ ከሰፉ እርስ በርስ ይደራረባሉ፤ ማውጫውም የሚያልፈው ሣጥን እያጣ ሁሉንም ወደ መክፈት ይጠጋል። ለእኛ ጥያቄ፥ ማለት ከተወሰነ ከፍታ በታች ያሉትን ቤቶች ለማውጣት፥ ባለ ሁለት አውታር ማውጫና ለከፍታ ብቻ የተሠራ ተራ የቁጥር ማውጫ ጎን ለጎን መያዝ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ከፍታው ከየት ተለካ?

ዓይነቱ፥ ሥራዎቹና ማውጫው ሁሉ ቢስተካከሉ እንኳ አንድ ነገር ይቀራል፤ የከፍታው ቁጥር ከየት ተነሥቶ እንደ ተለካ ማወቅ ነው። ከሳተላይት የሚቀበለው መሣሪያ በመጀመሪያ የሚያገኘው ከፍታ ኤሊፕሶይድ ከተባለው በሂሳብ ከተሠራ የምድር ቅርጽ የተለካውን ነው፤ የቀድሞ ካርታዎች ከፍታ ግን ከባሕር ወለል የተለካ ነው። ሁለቱ በብዙ ቦታ በሜትሮች ይለያያሉ። ለምሥራቅና ለሰሜን ልክም የአገራችን የቀድሞ ካርታዎች አዲንዳን የተባለውን መነሻ ሲጠቀሙ፥ የሳተላይቱ መሣሪያ ሌላ መነሻ ይጠቀማል። በ2000 በጠፈር መንኰራኵር ተለክቶ ለዓለም የተሰጠው የከፍታ መረጃ ሲታቀድ የተፈቀደለት ስሕተት እስከ 16 ሜትር ነበረ። ከላይ በምሳሌ ያነሣናቸው 12 ሜትሮች በዚህ ስሕተት ውስጥ ሊሰወሩ እንደሚችሉ ልብ ይሏል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ዜሮ ነው። ፖስትጂአይኤስ ባለ ሁለት አውታር መዝገብን ወደ ሦስት እንዲለውጥ ሲታዘዝ፥ ሌላ ቁጥር ካልተነገረው ከፍታውን ዜሮ ብሎ ይሞላል። በድሬዳዋ ይህ ስሕተት ቶሎ ይታያል፤ ቤቱን ከከተማው 1,200 ሜትር በታች ያወርደዋልና። በአፋር ዳሎል አካባቢ ግን መሬቱ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ፥ ከፍታው ያልተለካው ቤት ከጎረቤቶቹ ሁሉ በላይ፥ ከአደጋም የራቀ ይመስላል። ስለዚህ «አልተለካም» እና «ዜሮ ነው» የሚሉት ሁለት ነገሮች በመዝገቡ ላይ ተለይተው መጻፍ አለባቸው።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ ወደ አንድ ሐሳብ ይጠቃለላል። አውታር መጨመር ማለት ለቁጥር ቦታ መስጠት ሳይሆን ለአዲስ ጥያቄ ትርጕም መስጠት ነው። ቁጥሩ ተጨምሮ ጥያቄዎቹ በቀድሞው ትርጕም ከቀሩ፥ መዝገቡ የተሟላ እየመሰለ ያሳስታል፤ ይህም ከጎደለ መዝገብ የባሰ ነው፤ የጎደለ መዝገብ ቢያንስ ይጠረጠራልና።

ዳታቤዝ ብቻውን ጐርፍን ይተነብያል ማለቴም አይደለም። ከውሃው ደረጃ ዝቅ ያለ ቤት በመካከሉ ጕብታ ካለ ሊድን ይችላል፤ የውሃውን መንገድ ማወቅ የሌላ ዕውቀት ሥራ ነው። ነገር ግን ያ ዕውቀት የሚነሣው ከታመነ የከፍታ መዝገብ ነው። ስለዚህ የመመረቂያ ሥራችንን በከተማችን ካርታ ላይ የምናደርግ ተማሪዎች ሦስት ነገሮችን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ብንጽፍ መልካም ይመስለኛል፤ ከፍታው ከየት ተነሥቶ እንደ ተለካ፥ ስሕተቱ እስከ ስንት ሜትር እንደ ሆነ፥ «በላይ» እና «በታች» ስንል የትኛውን ቁጥር እንደምናወዳድር። መምህራንም ሥራችንን ሲመረምሩ አስቀድመው ይህን ቢጠይቁን ይጠቅመናል። ደቻቱ በሚሞላበት ሌሊት በዝቅታው ዳር የተኛው ሰው ዳታቤዙን ሊጠይቅ አይችልም፤ መጠየቅም ማረምም የሚገባን አሸዋው ደርቆ ሳለ ነው።